ክንፉ ከየት ይነሣል?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በልጆች ዓምዳችሁ የሚወጡትን ክንፍ ያላቸው አንበሶችና ፈረሶች በደስታ እመለከታለሁ፤ ሆኖም አራት ኪሎ አካባቢ ለወጣት ሠዓልያን የእንስሳትን የአካል አሠራር የማስተምር በመሆኔ፣ በሥዕሎቹ ደጋግሜ ስለማየው አንድ ጉድለት እንድጽፍ ይፈቀድልኝ። ክንፉ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ይታያል እንጂ ከየትኛው አጥንት እንደሚነሣ፣ በየትኛው ጡንቻ እንደሚንቀሳቀስ አይታወቅም።

የወፍም ሆነ የሌሊት ወፍ ክንፍ ተለውጦ የተገኘ የፊት እግር ነው። ስለዚህ በአራት እግር ላይ ሁለት ክንፍ የሚጨምር ሠዓሊ፣ የጀርባ አጥንት ካላቸው እንስሳት መካከል አቻ የሌለው ፍጡር እየሣለ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል። አንበጣ የጀርባ አጥንት ስለሌለው ለዚህ ምሳሌ አይሆንም።

ዶሮ በብልቷ የምታወጣ እናት ነገሩን ከብዙዎቻችን በተሻለ ትረዳዋለች። ፍርምባው ሥጋ የበዛበት ክንፉን ወደ ታች የሚጎትተው ጡንቻ እርሱ በመሆኑ ነው፤ ክንፉን ወደ ላይ የሚያነሣው ዋናው ጡንቻም ከሥሩ ተኝቶ፣ ጅማቱ በትከሻ በኩል ዞሮ ያልፋል። ሁለቱም ከፍርምባው አጥንት ወደ ታች በወጣው ስስ ጠርዝ ላይ የተያያዙ ናቸው፤ መብረር የማትችለው ሰጎን ይህ ጠርዝ የላትም።

ተማሪዎቼን አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ወዳለው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት እየወሰድሁ፣ ለፈረሱ ክንፍ ቢሰጠው የት ላይ እንደሚተክሉት እጠይቃቸዋለሁ። ሁሉም ጀርባውን ያሳዩኛል። ፈረስ ግን ትከሻውን ከፍርምባው ጋር የሚያገናኝ አጥንት ስለሌለው፣ የፊት እግሮቹ ከደረቱ ጋር የተያያዙት በጡንቻና በጅማት ብቻ ነው፤ ደረቱ አስቀድሞ በእግር ጡንቻ ተይዟል። እኔ የምመክረው ለክንፉ የራሱን ትከሻ ከአንገቱ ሥር መስጠት፣ የፊት እግሮቹን ወደ ኋላ መግፋት፣ ደረቱንም ማስረዘምና ማጥለቅ ነው። ክንፉ ወደ ፊት በራቀ መጠን የኋላው አካል ይቅለል፤ አለበለዚያ ፍጡሩ በአየር ላይ ሚዛኑን ይስታል።

ክብደቱም ይታሰብበት። ዛሬ ከሚበርሩት ወፎች እጅግ ከባዶቹ 20 ኪሎ ግራም ገደማ ናቸው፤ ስለዚህ ሙሉ ፈረስ ከማስበረር ውሻ የሚያህል ፍጡር መሣል ይበልጥ ያሳምናል። በዚያው ዓለም የሚሣሉት በሬና ጦጣም የዚሁ ፍጡር ዘመዶች ከሆኑ፣ ከሁለቱ ጥንድ እግሮች ሌላ የተጨመረው የሦስተኛው ጥንድ፣ የክንፉ፣ ምልክት በእነርሱም ላይ ሊታይ ይገባል።

ዓምዱ ከእያንዳንዱ ሥዕል ጎን የፍጡሩን አጽም የሚያሳይ ትንሽ ንድፍ እንዲያትም በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ