የዲዛይን ክበብ ዘገባ፦ ካድ፣ መብራትና የቧንቧ እጀታ

የዲዛይን ክበባችን ዘንድሮ ሙሉ በሙሉ ወደ ክላውድ ካድ ገባ። ካድ በኮምፒውተር የዕቃ ንድፍ መሥራት ነው። ክላውድ ሲሆን ደግሞ ኮምፒውተራችን ላይ የሚጫን ነገር የለም። ፕሮግራሙ በብራውዘር ይከፈታል፣ ሥራው የሚቀመጠው ሩቅ ያለ ሰርቨር ላይ ነው። ለዘጠነኛ ክፍሎች ቲንከርካድን፣ ከዚያ በላይ ላሉት ኦንሼፕን መረጥን። ሁለቱም ለተማሪና ለአስተማሪ በነጻ ናቸው። አንድ ወላጅ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን የታወቀ የካድ ፕሮግራም አንሥተው «እንደ ሶሊድወርክስ ያለ ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ዘመዳሞች ናቸው፤ ኦንሼፕን በ2012 እንደ ፈረንጆቹ ከመሠረቱት መካከል ሶሊድወርክስን የፈጠሩት ሰዎች አሉበት።

መስከረም ላይ ሐሳቡን ሳነሣ ባልደረቦቼ «በዚህ ኔትወርክ?» አሉኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ቤተ ሙከራችንን የሚያውቅ ሰው ሌላውንም ያስብ። ኮምፒውተሮቹ አርጅተዋል፤ ከባድ ካድ ሲጫንባቸው ይንቀራፈፋሉ። መብራት ደግሞ ሲሄድ ማንንም አያስፈቅድም። ድሮ ሴቭ ያላደረገ ልጅ ሥራውን ውሃ በላው ማለት ነው። ኦንሼፕ ላይ ሴቭ የሚባል ቁልፍ የለም። አንድ እርምጃ እንዳለቀ በራሱ ይመዘገባል። መብራት ሲመለስ ልጁ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ሲቸግር በስልኩም ይከፍተዋል። ለእኔ ይሄ ብቻውን ክርክሩን ይዘጋዋል።

ያስቸገረን ከፕሮግራሙ ይልቅ ዙሪያው ነው። ትልቁ የሰዓት ጉዳይ ነበር። መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዳንዱ ኮምፒውተር ቀኑን ዓመታት ወደ ኋላ መልሶ ይነሣል። ከዚያ ብራውዘሩ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ድርቅ ይላል። ልጆቹ ኔትወርኩን ይረግማሉ፤ ኔትወርኩ ግን ጤነኛ ነው። የድረ ገጾች የደህንነት ማረጋገጫ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ኮምፒውተሩ የቆመበት ቀን ከዚያ ውጭ ከሆነ ገጹን አያምነውም። ቀኑን ማስተካከል ለጊዜው ይበቃል። ለዘለቄታው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ መቀየር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለዋ ናት።

ሁለተኛው ባዶ ስክሪን ነው። ገጹ ይከፈታል፣ ሞዴሉ የለም። ሞዴሉን አስልቶ የሚልከው ሰርቨሩ ቢሆንም ስክሪኑ ላይ የሚስለው የእኛው ኮምፒውተር ግራፊክስ ነው። ክሮም ሴቲንግ ውስጥ ብራውዘሩ ግራፊክሱን እንዲጠቀም የሚያደርገው ሃርድዌር አክስለሬሽን ጠፍቶ ከሆነ ማብራት፣ ካልሆነ የግራፊክስ ድራይቨሩን ማደስ። ሞዴሉ ከዓይን ጠፍቶ የት እንዳለ ግራ ሲገባችሁ ደግሞ የኤፍን ቁልፍ ተጫኑ፤ መሃል ላይ ይመጣል። አልሠራም? ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳልቀረ እዩ። ይሄ ያስቃል፣ ግን ስንቱን ልጅ አስለፍቷል!

ዋይፋይ ጠፍቶ በስልክ ሆትስፖት ስንሠራ ዳታችንን የሚበላው ካዱ አልነበረም። ከጀርባ አፕዴት የሚያወርደው ዊንዶውስ ነው። ግንኙነቱን ሜተርድ፣ ማለትም ዳታው የሚቆጠር፣ ብሎ መመዝገብ ትልቅ እፎይታ ሰጠን።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። ልጆቹ መጀመሪያ የፈለጉት አዲሱን የአባይ ድልድይ መሥራት ነበር። 380 ሜትር ድልድይ ለጀማሪ! እኔ በግቢያችን ቧንቧ ጀመርኩ። እጀታው ከተሰበረ ቆይቷል፤ በፒንሳ ነበር የሚከፈተው። ልጆቹ የዘንጉን ጫፍ ጥቃቅን ልክ በሚለካው መሣሪያ፣ በካሊፐር ለኩ፤ 7.8 ሚሊ ሜትር። ቀዳዳውን 8.1 አደረጉት፤ ፕላስቲክ ሲታተም ትንሽ ስለሚጠብ ማላወሻ ያስፈልገዋል።

ፋይሉን ከተማ ውስጥ ስሪዲ ፕሪንተር፣ ማለትም ንድፍን በፕላስቲክ ዕቃ አድርጎ የሚያትም ማሽን፣ ላለው ልጅ ላክን። ደወለ። «ባዶ ፋይል ነው የላካችሁልኝ።» ባዶ አልነበረም። አጉልቶ ሲያየው ጤፍ የምታክል እጀታ መሃል ላይ ቁጭ ብላለች። ለፕሪንተሩ የሚላከው ኤስቲኤል የሚባለው ፋይል ቁጥር እንጂ መለኪያ አይይዝም። ልጆቹ በኢንች አውጥተውት፣ የእሱ ፕሮግራም በሚሊ ሜትር አነበበው። ዕቃው 25.4 ጊዜ አነሰ፤ 40 ሚሊ ሜትር የነበረው እጀታ 1.6 ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሰሌዳችን ላይ «ሚሊ ሜትር!» የሚል ቃል ተጽፎ አልተደመሰሰም። እጀታው አሁን ቧንቧው ላይ ነው።

በሁለተኛው መንፈቅ ታንኳ ሠራን፤ የደንገል ታንኳ። ሐይቁ ዳር የሚሠሩ አንድ አባት ዘንድ ሄደን ልጆቹ ሜትር ሲዘረጉ ሳቁ። የእሳቸው መለኪያ ክንድ ነው። «አባባ፣ የማን ክንድ?» አላቸው አንዱ። «የሠሪው ነዋ!»

አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ይዛ ተመለሰች። ኦንሼፕ ላይ ክንድን ተለዋዋጭ ቁጥር አደረገችው፤ ርዝመቱ 10 ክንድ፣ ወርዱ 2 ክንድ። ክንዱን 46 ሳንቲ ሜትር ስትለው ታንኳው 4.6 ሜትር፣ 50 ስትለው 5 ሜትር ይሆናል። ማለትም መሆን ነበረበት። መጀመሪያ ስትሞክረው አፍንጫው ተጣመመ፣ ሞዴሉ የተሠራባቸው እርምጃዎች ዝርዝርም ቀይ በቀይ ሆነ።

ምክንያቱ ስኬቹ ነው፤ ስኬች ሞዴሉ የሚነሣበት የመስመር ንድፍ ነው። ኦንሼፕ ላይ ሰማያዊ መስመር ገና ያልታሰረ ነው፤ ልክ ወይም ቦታ ይጎድለዋል። ጥቁር የታሰረ ነው። ቀይ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው። የእሷ አፍንጫ ሰማያዊ ስለነበር ቁጥሩ ሲቀየር እንዳሻው ሄደ። ልክና ቦታ ሰጥታ ወደ ጥቁር ስትቀይረው ታንኳው ክንዱን ተከትሎ ያድግና ያንስ ጀመር። ዝርዝሩ ቀይ ሲሆን ከላይ የመጀመሪያውን ቀይ ብቻ አስተካክሉ፤ የታቹ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠራል። ልጆች ግን ከታች ጀምረው መሰረዝ ይወዳሉ። አንዱ ቡድን እንዲህ ሲል የጋራውን ስኬች አጥፍቶ ክፍሉ ተንጫጫ። የቀድሞ ለውጦች የሚመዘገቡበት ሂስትሪ ውስጥ ገብተን ከመጥፋቱ በፊት ወደነበረው መለስነው፤ ጠቡ ለመብረድ ከዚያ በላይ ጊዜ ወሰደ።

ቲንከርካድ ላይ የሠሩት ዘጠነኛ ክፍሎች የቁልፍ መያዣና የስም ሰሌዳ አውጥተዋል። በክፍል ኮድ ስለሚገቡ ኢሜይል ጣጣ የለበትም።

ለመጪው ዓመት የሚያስፈልገን ብዙ አይደለም። ባለ ጎማ ማውዝ፤ በላፕቶፕ ታችፓድ ሞዴል ማዞር ስቃይ ነው። ክብ ባትሪዎች። ከተቻለ ለዋይፋይ ሳጥኑ መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚያቆየው አንድ አነስተኛ ዩፒኤስ። ቤት ውስጥ የተቀመጠ ደህና ማውዝ ያላችሁ ወላጆች በልጆቻችሁ እጅ ላኩልን። ምዝገባ መስከረም ሁለተኛው ሳምንት ላይ በቤተ ሙከራው በር ይለጠፋል።