ስምህን በፊደል የጻፍክበት ቅጽ

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? በስልክ ስጠይቅህ "ደህና ነኝ፤ ልጆቹስ?" ብለህ ስለምትዘጋብኝ፣ ፊደሉን ትልልቅ አድርጌ በወረቀት ብጽፍልህ ይሻላል አልኩ። መነጽርህን አድርግና መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠህ አንብበው። ከደከመህ ቀሪውን ነገ ትጨርሰዋለህ።

ከልጆቹ ልጀምር። ባለፈው "ትንሹን የት ልታስገቡት ነው? ትልቋስ ምን አሰበች?" ስትለኝ "ገና እያየን ነው" ብዬህ ነበር። ውሸቴን ነው፤ አይተን ጨርሰናል። ለአንተ መናገሩ ስለከበደኝ ነው።

ትንሹ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍልን ይጨርሳል። እዚህ እስራኤል የአይሁድ ልጅ የሚማርበት መንገድ ብዙ ነው፤ አንተ ግን ሁሉንም "አስኳላ" ብለህ ትጠቀልለዋለህ። ማምላክቲ የሚባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ታናክ፣ ማለት የእኛን የአይሁድ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ያስተምራል፣ በዓላቱንም ያከብራል፤ ጸሎት ግን የለውም። ማማድ የምንለው ሃይማኖታዊው የመንግሥት ትምህርት ቤት ቀኑን በጸሎት ይጀምራል፣ ከታናኩ ላይ ታልሙድ፣ የረቢዎቹን የሕግ መጽሐፍ፣ ይጨምራል፤ በብዙ ቦታ ልጆቹ ከፍ ሲሉ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ይማራሉ። የሐሬዲዎቹ፣ የእጅግ አጥባቂዎቹ፣ ሌላ ነው። ወንዶቹ ቀኑን ሙሉ ገማራ ላይ፣ ማለት የታልሙዱ ትንታኔ ላይ፣ ናቸው፤ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ በአብዛኞቹ ዘንድ ሒሳብና እንግሊዝኛ የለም፣ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ የሆነውን ባግሩት አይፈተኑም። ምኩራብ አጠገብህ የሚቀመጠው ሰውዬ "ምሳ አለው፣ መኪና ከደጅ ይወስዳል" እያለ ሲያባብልህ ይህን ንገረው። ምሳውን የበላ ልጅ በሃያ ዓመቱ ሥራ ሊፈልግ ሲወጣ፣ የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ላይ ቁጭ ብሎ እንደገና ይጀምራል።

ወንድሜም ትንሿን ለከርሞ አንደኛ ክፍል ሊያስገባ ነው አሉ። ንገረው፤ ምዝገባው በዚህ አገር ክረምት፣ በጃንዋሪ አካባቢ ነው። በማዘጋጃ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ማምላክቲ ወይም ማማድ ብሎ የሚመርጠው እሱ ነው፤ ከዚያ ውስጥ የትኛው ሕንፃ እንደሚደርሳት የሚወስነው ግን ማዘጋጃ ቤቱ ነው፣ በሰፈር። ቀኑ ካለፈ በተረፈ ቦታ ይመድቧታል። የተሰጠው ካልተስማማው ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ግን "አልወደድኩትም" ብሎ ሳይሆን ምክንያቱን ጽፎ፣ ማስረጃ አያይዞ። ከመመዝገቡ በፊት ደግሞ ሄዶ በር ላይ ይቁም። በጠዋት የሚገቡትን ልጆች ይይ። ከአንድ ሰፈር የመጡ የእኛ፣ የኢትዮጵያ ቤተ እስራኤል ልጆች ብቻ የታጨቁበት ክፍል ከሆነ፣ ለምን እንደሆነ ርእሰ መምህሯን ይጠይቅ። በፈረንጆቹ 2009 በፔታሕ ቲክቫ ከተማ የግል ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶች ልጆቻችንን አንቀበልም ሲሉ ጉዳዩ የአገር ወሬ የሆነው ወላጆቹ ዝም ስላላሉ ነው።

አሁን ወደ ትንሹ ልመለስ። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ዋናው ነገር የትምህርት ቤቱ ስም ሳይሆን የሒሳቡ ቡድን ነው። ባግሩት ለማግኘት ቢያንስ 21 የሒዶት መሙላት ያስፈልጋል። የሒዶት ማለት የትምህርቱና የፈተናው ክብደት መለኪያ ነው፤ ሒሳብንና እንግሊዝኛን አንዱ በ3፣ አንዱ በ4፣ አንዱ በ5 ይፈተናል። በ3ም ቢሆን ወረቀቱ "ባግሩት" ይላል። ወላጅ ወረቀቱን አይቶ ይጨፍራል፤ ልጁ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ሲደርስ ነው የሚገባው። በ5 የሒዶት ሒሳብ ያለፈ ልጅ ሲያመለክት በሒሳብ ነጥቡ ላይ 35 ይጨመርለታል፤ በ3 ላለፈው ምንም የለም፤ ምሕንድስናና ሕክምና በአብዛኛው ይዘጋበታል። ይህ ደግሞ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚወሰን አይደለም። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ ሀክባጻ ብለው ልጆቹን በደረጃ ሲከፋፍሉ ነው የሚበላሸው። ዝቅተኛው ቡድን ግማሹን መጽሐፍ ብቻ ስለሚማር፣ ልጁ ጎበዝ ቢሆን እንኳ በኋላ ወደ ላይ የሚወጣበት መሰላል የለውም። የእኛዎቹን ደግሞ "ለራሱ ይመቸው" እያሉ ነው ወደ ታች የሚያወርዷቸው። ደግ ይመስላል።

ለዚህ ነው በየትምህርት ቤቱ ስዞር የከረምኩት። በየሺቫ ቲኾኒት፣ ማለት ባግሩትም ታልሙድም በሚሰጥበት የወንዶች ትምህርት ቤት፣ ጠዋቱ የገማራ ነው፣ ሒሳቡ ወደ ከሰዓት ይገፋል፣ ቀኑ ማታ ያልቃል። የገማራው ቋንቋ አራማይስጥ ነው፤ ቤቱ አባቱ ወይም ወንድሙ የሚያስጠናው ከሌለ ልጁ በመጀመሪያው ዓመት ይሰጥማል፣ የሰጠመውን ለማውጣት ሲታገል ሒሳቡ ያመልጠዋል። ስለዚህ በየቦታው የጠየቅኩት ሦስት ነገር ነው። ባለፈው ዓመት ስንት ልጅ 5 የሒዶት ሒሳብ ተፈተነ? ማታ የሚያስጠና ሰው አለ ወይስ መብራት ብቻ? ልጁ እስከ ሐኑካ፣ እስከ መብራቶቹ በዓል፣ ካልለመደ የከፈልነው ገንዘብ ምን ይሆናል? የመጨረሻውን ስጠይቅ ሁሉም ፊታቸውን ያዞራሉ።

ገንዘቡንም ልንገርህ፣ ትጨነቃለህና። ትምህርቱ በሕግ ነጻ ነው፤ የሚያስከፍሉት ለማደሪያው፣ ለምግቡና ለተጨማሪው የቶራ ሰዓት ነው። የቅናሽ ኮሚቴ አላቸው። የደመወዝ ወረቀታችንንና የባንክ መግለጫችንን አስገብተን ቀንሰውልናል። ከጡረታህ አንድ ሰቅል እንዳታነሳ። ባለፈው በልጁ ኪስ ውስጥ የከተትከውን መልሼ በመሶቡ ሥር አስቀምጬልሃለሁ።

ማደሪያ አልኩ አይደል። እንግዲህ ይኸው ወጣ።

ልጁ ፕኒሚያ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ይገባል። እኔ አልመረጥኩለትም፣ ራሱ ነው የመረጠው። ከዳስ በዓል በኋላ ሦስት ቦታ ሄዶ ጎበኘ፣ ፈተናውን ተፈተነ፣ ቃለ መጠይቁን ብቻውን ገባ፣ ከፋሲካ በፊት መልሱ መጣ። በየሁለት ሳምንቱ ለሰንበት ቤት ይመጣል። ቅጹ ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ሳምንት ተቀመጠ። የጤና ቃል፣ የጉዞ ፈቃድ፣ የባንክ ትእዛዝ፣ ከሥሩ የወላጅ ፊርማ። አራት ጊዜ አነበብኩት፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

የእኔም ቅጽ ግልባጩ አለኝ፣ አባዬ። አንተ ስምህን በፊደል ጽፈህበታል፤ በዚያች በምታምርና በተጋደመች እጅህ፣ "ወ"ዋን እንደ ሁልጊዜህ አክብበህ። ከላይ ያለው ሁሉ ግን ዕብራይስጥ ነው። ምን እንደሚል ማንም አላነበበልህም፤ አንተም አንብቡልኝ አላልክም።

አውቃለሁ፣ ያንተ ብቻ አልነበረም። በ1991 በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከኢትዮጵያ ያወረደ መንግሥት ለታዳጊዎቹ ያዘጋጀው አንድ መልስ ነበር። ወጣት ስደተኞችን በሚያስተምረው ድርጅት፣ በዓሊያት ሃኖዓር በኩል አብዛኞቻችን ወደ ፕኒሚያ ተጫንን፣ እሱም ሃይማኖታዊው ብቻ። ለአንተ ደግሞ የሩቅ ትምህርት ቤት ክብር ነበር። በ1955 እና በ1956 ተመርጠው እዚህ እስራኤል ወዳለው ክፋር ባትያ አዳሪ ትምህርት ቤት ሄደው፣ አስተማሪ ሆነው የተመለሱትን 27 ልጆች እያነሳህ ነው ያሳደግከን። እኔንም እንደነሱ የምመለስ መስሎህ ነው። ይገባኛል። ግን አንድ ቀን እንኳ "ትወጃለሽ ወይ?" አላልከኝም። ያወጣህልኝን ስም ቀይረው ሲልኩኝም በአዲሱ ስም ጠራኸኝ። ያ ነው ያልወጣልኝ። እኔም በበኩሌ ለሰንበት እየመጣሁ "እንዲህ አይደለም የሚባለው" እያልኩ ቡራኬህን አርሜሃለሁ፤ ያንን አንተም እንዳልረሳኸው አውቃለሁ፣ ከዚያ ወዲህ በኔ ፊት ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ነው የምትጸልየው።

እንግዲህ ትናንት ፈረምኩ።

ስለ ትልቋ ብዙ አታስብ። ሠራዊቱን አንድ ዓመት አዘግይታ መኺና ትገባለች፤ ከሠራዊት በፊት ያለችው የዝግጅት ዓመት። የመጀመሪያው መኺና በ1988 ዔሊ በምትባል መንደር ለሃይማኖተኞች ወንዶች የተከፈተ ነበር፤ አሁን የሴቶችም የድብልቅም ሞልቷል። የእሷ ድብልቅ ነው፤ ሰንበት የሚጠብቁም የማይጠብቁም አብረው ታናክና ታሪክ ይማራሉ፣ በከተማው ልጆች ያስጠናሉ፣ በእግር ይጓዛሉ። ችግሩ ሠራዊቱ የሚፈቅደው ቦታ በቁጥር የተወሰነ መሆኑ ነው፤ ተቀባይነት ያገኘ ሁሉ አይገባም፣ እሷ ግን ማረጋገጫውን ይዛለች። "ሽሩት ለኡሚ ይሻላታል፣ ሆስፒታል ውስጥ ታገለግላለች" ያልካትን፣ በሠራዊቱ ፈንታ የሚሰጠውን አገልግሎት፣ ነግራኛለች። ለዚያ ሃይማኖተኛ ነኝ ብላ ቃል መስጠት አለባት፤ እሷ ደግሞ ያላመነችበትን አትፈርምም። ባንተ ነው የወጣችው።

አሁን የምለምንህ ነገር አለኝ። ከቆጠርኩልህ መንገዶች ሁሉ አንዱም የማያስተምረው አለ። ስግድ፣ የእኛ የቤተ እስራኤል በዓል፣ በ2008 በሕግ የአገር በዓል ከሆነ ወዲህ በየትምህርት ቤቱ ይከበራል፤ ዳቦ ይቆረሳል፣ እስክስታ ይወረዳል፣ በቃ። ኦሪቱን በግእዝ የሚያነብለት የለም። ልጁ ፊደሉን እስከ "መ" ቤት ያውቃል፤ ሳድሱ ላይ ይሳሳታል። ከዘፍጥረት አትጀምርለት፣ ይሰለቻል። በስግድ ዕለት ከሚነበቡት ጀምርለት፤ ዘጸአት 20፣ ቀጥሎ ነህምያ 9። በአንድ ቀን ከአምስት ቁጥር አታሳልፈው፤ በስንደዶ እየጠቆምክ፣ መጀመሪያ ፊደል በፊደል፣ ቀጥሎ ቃሉን በአንድ ትንፋሽ። ሲሳሳት አትቆጣው፤ መልሰህ አንብብለት፣ እሱ ይከተልሃል። ስልኩን በጽዋው ላይ አስደግፈው፣ ካሜራው ገጹን እንዲያሳይ፤ ባለፈው ያየነው ጣራህን ነበር። እሱ ይቀዳዋል።

ትምህርት ቤቱ ሴፕቴምበር 1 ይከፈታል፤ 16 ሐሙስ ቀርቶናል። ጊዜ የለንም ስልህ የሴፕቴምበሩን ማለቴ ነው።

የኩላሊቱን ውጤት ከነርሷ ሰምቻለሁ። ከኔ ትደብቃለህ ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ቢሆንም ትደብቃለህ። ሐኪሙ ስለ ዲያሊሲስ ሲያወራህ "እግዚአብሔር ያውቃል" ብለህ ተነስተህ ወጥተሃል አሉ። ያውቃል፣ ግን ረቡዕ ቀጠሮ አለህ። መታወቂያህን፣ የኩፓት ሖሊም የጤና መድን ካርድህን፣ ሰማያዊው ፌስታል ውስጥ ያለውን ቅጽ 17፣ የክፍያ ዋስትናውን፣ ያዝ፤ ያለሱ ሆስፒታሉ ይመልስሃል። ጠዋት መድኃኒትህን ከመዋጥህ በፊት ለደም ምርመራው ቁርስ አትብላ፤ ውኃ ግን ጠጣ። የሚያስፈርሙህ ነገር ካለ እኔ እስክደርስ ቆይ በላቸው። በአማርኛ አነብልሃለሁ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ከዚያ ትፈርማለህ ወይም አትፈርምም።

ሐሙስ ማታ በእናንተ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ላይ ልጁ ይደውልልሃል። ስንደዶ ከሌለህ ክብሪትም ይሆናል።

ልጅህ
(ስሜን አንተ እንዳወጣኸው ጻፈው)