ደብዳቤ ለልጄ፦ በሴቶቹ በኩል ቁጠሪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ።

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽም ጉልበት ቀለል ብሎላታል።

የጎረቤታችን ልጅ ከአዲስ አበባ መጥታ ወሬሽን ነገረችን። አንድ ልጅ እንዳለ፣ ወላጆቹ የሞጣ ሰዎች እንደሆኑ፣ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ እንዳሰበ ሰማን። እናትሽ እልል አለች። እኔም ደስ ብሎኛል። ግን እናቴ፣ ዘመድ ሳይቆጠር ቃል እንዳትሰጭ።

ልጅቱ «ዘመድ ብትሆኑስ?» ብትልሽ «የአባቱንም የአያቱንም ስም አይቻለሁ፤ ከእኛ ጋር አይገናኝም» አልሻት አሉ። እንቅልፍ የነሳኝ ይኸ ነው። መታወቂያ የአባትና የአያት ስም ነው የሚያሳይሽ። የእናቱ እናት የማን ልጅ እንደሆነች ከየት ታገኝዋለሽ? ሴት ልጅ ተድራ ሌላ አገር ስትሄድ ልጆቿ በባሏ ስም ይጠራሉ። የልጅ ልጆቿ ጊዜ ሲደርስ ስሟን የሚያነሳ የለም። ዝምድና የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው። ሞጣና ቢቸና ደግሞ ሲጋቡ የኖሩ አገሮች ናቸው።

ሰባት ቤት ስንል ስንት ሰው እንደሆነ አስበሽው ታውቂያለሽ? እናትና አባት 2 ናቸው። አያቶች 4፣ ቅድመ አያቶች 8። እንዲህ እያልሽ ሰባተኛው ላይ 128 ይሆናሉ። አንቺ ያየሽው አንዱን መስመር ብቻ ነው።

ድሮ ጎጃም ውስጥ ይኸ አይሳትም ነበር። ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ነበርና። ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ ድርሻ ነበራት። ርስት የሚጠይቅ ሰው ዋናው አባት ላይ እስኪደርስ ትውልዱን ይቆጥራል። መሐል ላይ ያለችን አንዲት ሴት ከዘለለ ይሸነፋል። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ርስት ቀረ። አዋጁን አልነቅፍም፣ መሬት ያልነበረው መሬት አግኝቶበታል። ግን ቆጠራውም አብሮ ላላ። አዋቂዎቹም አንድ ባንድ አለፉ።

የእታለምን ነገር ከእናትሽ ትንሽ ትንሽ ሰምተሻል። ሙሉውን ልንገርሽ። ታላቅ እህቴ በታጨች ጊዜ ሽማግሌዎቹ በአባቶቹ በኩል ቆጥረው ምንም አላገኙም። ጠላው እየተጠመቀ፣ ዳሱ ሊጣል ሳምንት ሲቀረው፣ ጌሾ ልትወቅጥ የመጣች አሮጊት የልጁን ሴት አያት ስም ሰማች። ሙቀጫውን ትታ «እሷማ የእኛው ልጅ አይደለችም ወይ?» አለች። ተቆጠረ። አምስተኛው ቤት ላይ ተገናኙ። ሠርጉ ቀረ። መርዶውን ይዞ ወደ ልጁ ቤት የሄደው አጎቴ ነው፤ በቅሎውን እየሳብሁ አብሬው የሄድሁት እኔ ነበርሁ። የልጁ እናት እህል ውኃ አቅርባልን ነበር፤ ማናችንም አልቀመስንም። እታለም ለአማቷ ብላ የፈተለችው ጋቢ ተሠርቶ ተቀምጦ ነበር። አባቴ ለበሰው። እሱ ያንን ጋቢ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እሷ በሌላ መንገድ ትሄድ ነበር። በኋላ አግብታ ወልዳለች፣ ልጆቿን ታውቂያቸዋለሽ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያንን መንገድ ሳልፍ ደስ አይለኝም። አንቺ ላይ እንዳይደርስ ነው የምለፈልፈው። ሳይቆጠር ቃል እንዳትሰጭ።

ደግሞ ባለፈው በስልክ የአክስትሽን ልጅ «ከዚኔ» አልሻት። ተይ! ከዚን ማን ነው? በእናት ነው በአባት? «አክስት»ም ብትይ የእናትም የአባትም እህት ናት። «የእናቴ እህት ልጅ» በይ። በሙሉ ሲጠራ መንገዱ ይታያል። የክርስትና እናትሽንም ወገን እንዳትረሺ፣ እሱም ዝምድና ነው፤ ጋብቻ ይከለክላል።

ቆጠራው ደህና ከወጣ እሰየው። አማት ይኖርሻል፣ ዋርሳ ይኖርሻል። አንቺም ምራት ትባያለሽ። ምራት ከግዕዙ «መርዓት» የመጣ ነው፤ ሙሽራ ማለት ነው። ሃምሳ ዓመት ብትኖሪም ለአማትሽ ሙሽራዋ ነሽ። ለእኔ ግን ወለተ ማርያም ነሽ። «ወለት» ሴት ልጅ ማለት እንደሆነ በሰማንያ ቀንሽ ክርስትና ስትነሺ ቄሱ ነግረውናል። ብትዳሪም ልጅነትሽ አይቀርም።

አሁን የምትሠሪውን ስሚ። ከልጁ የሁለቱን ሴት አያቶቹንና የአራቱን ሴት ቅድመ አያቶቹን ስም ከነአባታቸው ተቀበይ። የተወለዱበትን ደብርም ጨምሪ። እሱ ካላወቀ እናቱን ይጠይቅ። ጽፈሽ ለወንድምሽ በቴሌግራም ላኪው፣ እሱ ያነብልኛል። እኔ ደግሞ ከደጀን የአባቴን እህት አስመጣለሁ። የእኛን ሴቶች እንደሷ የሚያውቅ አልቀረም፤ እሷም እየደከመች ነውና ቶሎ በይ።

በርበሬ በሚመጣው ሰው ልከናል። ስትቀበይው ፀሐይ አስነኪው። ጉንፋኑ ካልተወሽ ዳማ ከሴ ከከረጢቱ ሥር አለልሽ። ገንዘብ ካጠረሽ ለእኔ ንገሪኝ፣ ከሰው እንዳትበደሪ።

ልጁን ሰላም በይልኝ። አልጠላሁትም። ስሞቹ እስኪደርሱኝ ግን ቃል እንዳትሰጭ።

አባትሽ፣ ከቢቸና