የጫካ ቡናችን ሥር ይፈተሽ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄ በመቂ አካባቢ ቲማቲም በመስኖ የማለማ ሰው ነኝ። ባለፈው ሚያዝያ «ትል አይነካውም» ተብሎ የተሸጠልኝ ችግኝ ቀትር ላይ እየጠወለገ፣ ማታ እያንሠራራ ስላስቸገረኝ አንዱን ነቅዬ ሥሩን በቦይ ውኃ ሳጥበው፣ ቀጭን መሆን የነበረበት ሥር ዝንጅብል መስሎ አብጦ አገኘሁት። እባጩን በጥፍሬ ብሰነጥቀው ከመርፌ ጫፍ ብዙም የማትበልጥ ነጭ ነገር ወጣች፤ ኔማቶድ የሚባለው፣ ሥር የሚያሳብጠው ጥቃቅን የአፈር ትል፣ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል የምትጥለው ሴቷ ናት።

ቲማቲም ይህን ትል እንዲቋቋም የሚያደርገው ዘረመል የመጣው ከደቡብ አሜሪካ የዱር ቲማቲም ነው። የዱሩና የእርሻው ዝርያ ተዳቅለው ዘር አልሰጥ ስላሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ተመራማሪዎች ፅንሱን ከፍሬው አውጥተው በብልቃጥ አሳደጉት፤ ይህ ዘረመል ያላቸው የዛሬ የገበያ ቲማቲሞች የተገኙትም ከዚያ አንድ ችግኝ ነው። የአፈር ሙቀት ከ28 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ግን መከላከያው ይዳከማል፤ በስምጥ ሸለቆ በጋ ይህን ያህል መሞቅ ደግሞ ብርቅ አይደለም።

ስለዚህ ሌላ መከላከያ ፍለጋ ወደ ዱር መመለሳችን አይቀርም። ዱር የበቀለ ሁሉ ግን ከትል ነፃ አይደለም፤ የአንድ ዝርያ ሁለት ተክሎች በተመሳሳይ አፈር ላይ ቢበቅሉ የአንዱ ሥር ሲያብጥ የሌላው ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ጥቂት ናሙና ማስቀመጥ ብቻውን የማይበቃውም ለዚህ ነው፤ የሚፈለገው ተክል ሳይሰበሰብ ከቀረው መካከል ሊሆን ይችላልና።

ይህ ነገር እኛን በቡና በኩል ይነካናል። እ.ኤ.አ. በ1964 የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ቡድን ከአገራችን የሰበሰበው የቡና ዘር በኮስታሪካና በሌሎች አገሮች ተተክሎ፣ በላቲን አሜሪካ በተደረገ ፍተሻ ከመካከሉ ሥር አሳባጭ ኔማቶዶችን የሚቋቋሙ ዓይነቶች ተገኝተዋል። እነርሱ ከእኛ ጫካ በሄደ ዘር ይህን ሲያውቁ፣ እኛ በያዩ፣ በከፋና በሐረና ጫካዎች የቀረውን ቡና በዚህ ረገድ ገና በሚገባ አለመፈተሻችን ያሳስበኛል። የአረቢካ የዱር ቡና የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ዝርያዎች መዝገብ መግባቱ ደግሞ ጊዜ እንደሌለን ያሳያል።

የምርምር ተቋሞቻችን በጮጬ የመስክ ጂን ባንክ፣ ማለትም የቡና ዓይነቶች ተተክለው በሚጠበቁበት ቦታ፣ ከተሰበሰበው ቡና ጀምረው ሥሩን በትል እንዲፈትኑ እጠይቃለሁ። ወደ ጫካ ቡና አካባቢ የሚጫን ችግኝም ትሉን ከነአፈሩ ይዞ እንዳይገባ፣ ከችግኝ ጣቢያው ሳይወጣ ከየመደቡ ጥቂቱ ፕላስቲኩ ተቀድዶ ሥሩ ታጥቦ ይታይ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቲማቲም አምራች፣ ከመቂ