ደብዳቤ ከደሴ፦ በጓ ስታመሰኳ

ደሴ፣ ጥቅምት 2018

እህት ዓለም፣

እንዴት ነሽልኝ? ቢሾፍቱ ተስማማሽ? እዚህ ጦሳ ተራራ ከጠዋት ጀምሮ ጉም ተከናንቦ ነው የዋለው። ብርዱን ታውቂዋለሽ።

ሦስት ዓመት ድምፄን ያጠፋሁት ረስቼሽ አይደለም። እማማ ሲያርፉ ለቅሶ አልደረስኩም። መጀመሪያ መንገዱን ሰበብ አደረግኩ። ቀጥሎ አፈርኩ። ከዚያ እፍረቱ ራሱ ልማድ ሆነ። ስልክሽን አውጥቼ ስንቴ መልሼ እንዳስቀመጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። አፉ በይኝ። ግን ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ዛሬ የጻፍኩት ለይቅርታ ብቻ አይደለም። የእንስሳት ሐኪም ቸግሮኛል፣ ሐኪሟ ደግሞ አንቺ ነሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ አሁንም ልዩ ፍላጎት ክፍል ነው የማስተምረው። 11 ልጆች አሉኝ። ከጦርነቱ ወዲህ በር ሲንኳኳ ጠረጴዛ ስር የሚገቡ አሉ። አንዱ ደግሞ የስምንት ዓመት ልጅ ነው፣ ኦቲዝም አለበት፣ አይናገርም። ሰው ሲነካው ይጮሃል።

ባለፈው የካቲት ከኩታበር አክስቴ ዘንድ አንዲት የሁለት ወር ግልገል አመጣሁ። እንዲሁ ልጆቹ ደስ ይበላቸው ብዬ ነው። ያ ልጅ ቀስ ብሎ መጣና እጁን ጠጉሯ ውስጥ ከተተ። ከዚያ “እምም” አለ። እናቱ በር ላይ ቆማ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ስልክ ወጣ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

በማግስቱ ደገምነው። 11ዱም ልጆች ተራ በተራ አቀፏት። ግልገሏ ዝም። አትጮህ፣ አትፈራገጥ። “እንዴት ያለች ገር ናት!” እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። በሦስተኛው ቀን ሣርም ጡጦም እምቢ አለች። ጥግ ይዛ ቆመች፣ አንገቷ ወደ ታች።

አክስቴ ልትወስዳት መጣች። ከፍ አድርጋ ሆዷን ዳሰሰች፣ ዓይኗን አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

“የሰው ልጅ ዝም ሲል ምን ነካው ብለሽ ትጨነቂያለሽ። የበግ ልጅ ዝም ስትል ገር ናት ትያለሽ?”

ምን ልበል? ልጆቹ ዝም ሲሉ ምን እያሉ እንደሆነ ማንበብ ሥራዬ ነው። ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚህ ነው።

ግልገሏ እናቷ ዘንድ ተመልሳ ዳነች፣ አብሽሪ። እኔ ግን ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ። ቦሪስ ሌቪንሰን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሐኪም ነበር። ለሰው ዝም የሚል አንድ ልጅ፣ ድንገት ክፍሉ ውስጥ ከነበረው ከሐኪሙ ውሻ ጋር መጫወት ጀመረ። ሐኪሙም በዚያ በኩል ከልጁ ጋር መግባባት ቻለ። ይህንን እ.ኤ.አ. በ1962 ጻፈው፣ ብዙ ሰው ሳቀበት ይባላል። ውሻው ጂንግልስ ይባላል። ሊዝ ሃርቴል የምትባል ዴንማርካዊት ደግሞ ፖሊዮ ከጉልበቷ በታች ሽባ አድርጓት እያለ፣ እ.ኤ.አ. በ1952ቱ የሄልሲንኪ ኦሎምፒክ በፈረስ ግልቢያ ብር ሜዳሊያ ወሰደች። ሰዎች ደግፈው ነበር የሚያወጧትና የሚያወርዷት። በፈረስ የሚደረገው ሕክምና በአውሮፓ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። ፈረስ ሲራመድ የተቀመጠውን ሰው ዳሌ ልክ እንደ እግረኛ ያወዛውዘዋል። እኛ ወሎዬዎች በበቅሎ ስንት ዘመን ስንወዛወዝ ኖረን ሕክምና መሆኑን የነገረን የለም!

አንብቤ አንብቤ የያዝኩት ግን አንድ ነገር ነው፤ እንስሳው እምቢ የሚልበት በር ይኑረው። ታቅፎ የተያዘ በግ በር የለውም።

ስለዚህ ከግንቦት ጀምሮ አሠራሩን ቀየርን። አሁን የአክስቴ ሁለት እናት በጎች ይመጣሉ። ሁለት የሆኑት በግ ብቻውን ሲሆን ስለሚጨነቅ ነው፣ ይሄ ላንቺ ሀሁ ነው። ግቢው ጥግ ላይ አጠርንላቸው። በአንድ በኩል ወደ ጓሮ የሚያስወጣ ክፍት በር አለ፣ እዚያ ልጅ አይገባም። ማቀፍ የለም። አንድ ወይ ሁለት ልጅ ገብቶ ይቀመጣል፣ በጓ ከፈለገች ትመጣለች። ካልፈለገች ያን ቀን በግ ማየት ነው ትምህርቱ። ሃያ ደቂቃ ሲሆን እናበቃለን። መጀመሪያ አንዳንድ ወላጅ አልወደደውም። “ልጄ ሳይነካት ተመለሰ” የሚል ነበር። እኔም በሆዴ ቅር ብሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ ያ ልጅ ተቀምጧል። ትልቋ በግ ሦስት እርምጃ ርቃ ተኛች። ትንሽ ቆይታ ማመስኳት ጀመረች። አገጯ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። ልጁ ትክ ብሎ አያት። ከዚያ የእሱም አገጭ መሄድ ጀመረ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። ትንፋሹ ረጋ። በሩ ሲንኳኳ እንኳ አልደነገጠም። አልነካትም፣ አልነካችውም። አሁን ክፍሉ በሙሉ ምልክቱን ያውቃል፤ እያመሰኳች ከሆነ ተረጋግታለች፣ ማመስኳቱን ትታ ጆሮዋን ቀጥ ካደረገች እኛ እንርቃለን።

ድኗል እያልኩሽ አይደለም። ዛሬም አይናገርም። ኦቲዝምን በግ አያድነውም፣ እንዲህ ብለው ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች ያናድዱኛል።

የሐሳቡ ዓይነት ደግሞ በዝቷል። አንድ ሰው በገመድ የታሰረች ጦጣ ላመጣላችሁ አለ። አይሆንም አልኩ። በዚህ ሥራ ያሉት ዓለም አቀፍ መመሪያዎችም የዱር እንስሳ ቢለምድም አይፈቅዱም። ውሻንም አስበን ነበር። አንድ አባት የልጃቸውን ልብስ ውሻ ከላሰው ለሶላት እንደሚያስቸግር በትህትና ነገሩኝ። እኔም የእብድ ውሻ በሽታ ስለሚያስፈራኝ ክርክር አላነሣሁም። አህያም ተጠይቀናል። ቀኑን ሙሉ ጆንያ ሲሸከም የዋለ አህያ ማታ መጥቶ ሕፃን ያጽናና ማለት ግን አልዋጥ አለኝ። ለባለቤቱ የቀን ገቢውን ከፍለን አህያው አርፎ ቢመጣስ? እስቲ አንቺ ፍረጂ።

ትልቁ ራስ ምታቴ በዓል ነው። አረፋ ሲቃረብ ዘበኛችን በጎቹን አየና “ለአረፋ ናቸው ወይስ ለገና?” አለኝ። ሳቅኩ፣ ግን ሌሊቱን አልተኛሁም። ልጁ አንድ ቀን መጥቶ ትልቋን ቢያጣትስ? እኔም ጥብስ እበላለሁ፣ ጻድቅ ልምሰል አላልኩም። ሆኖም እነዚህ ሁለቱ አይሸጡም፣ አይታረዱም ብላ እንድትፈርም አክስቴን ለመንኳት። “በግ በፊርማ!” ብላ ስቃ ሞተች። ፈረመች ግን። ሲያረጁም እዚያው ኩታበር ይጦራሉ።

አሁን ወደ ችግሬ። የሆድ ትል መድኃኒት መቼ መቼ ልስጣቸው? ከእንስሳ ወደ ሰው ስለሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ ስለሚባል በሽታ አንብቤ ፈርቻለሁ፣ እዚህ ማስመርመር ይቻላል? ልጆቹ ገብተው ሲወጡ እጃቸውን በሳሙና እናስታጥባለን፣ ይበቃል? ትንሿ ደግሞ ከሰሞኑ የፊት ግራ እግሯን ቆጠብ ታደርጋለች። ሰኮናዋ ረዝሞ ወደ ውስጥ የታጠፈ ይመስለኛል። እስኪታይ ድረስ ከልጆቹ አርቄያታለሁ።

ስልኬ ያው የድሮው ነው። ካላስቸገረሽ በኅዳር ብቅ በይ። መጀመሪያ እማማ መቃብር አብረን እንሄዳለን፣ ቡናው ከዚያ በኋላ ነው፣ እስከ በረካ። ሰኮና መከርከሚያሽንም እንዳትረሺ።

ያንቺው፣
የደሴዋ