እማዬ፣ ስለ ሃሚልተን ያልኩሽን ላርመው

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ዓይንሽ እንዳይደክም ፊደሉን ትልልቅ አድርጌ ነው የጻፍኩልሽ። ባንዴ ለመጨረስ አትቸኩይ፤ አረፍ እያልሽ አንብቢው።

እሁድ በስልክ ያልኩሽ ነገር ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ሰነበተ። «አየሽ አይደል? መርሴዲስን ሲለቅ ሃሚልተንሽ ተራ ሰው ሆነ። ድሮም ያሸነፈው መኪናው ነበር» አልኩሽ። አንቺም «እንግዲህ» ብለሽ ወሬ ቀየርሽ። ወሬ ስትቀይሪ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ከ2007 ጀምረሽ፣ በፎርሙላ ዋን የመኪና እሽቅድምድም ገና ጀማሪ ሳለ የወደድሽውን ሰው በአንድ አፍ አራከስኩብሽ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።)

ስለዚህ ተቀምጬ የድሮ ውጤቶችን አገላበጥኩ። ግማሹን እኔ ተሳስቻለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ግማሹን ደግሞ አንቺ ተሳስተሻል።

መጀመሪያ የኔን ወገን ልንገርሽ፤ ባዶ ክርክር አልነበረምና። ጄንሰን በተንን ታስታውሽዋለሽ። በ2008 ሆንዳ እያሽከረከረ ዓመቱን ሙሉ ያገኘው 3 ነጥብ ብቻ ነው። ሆንዳ ከውድድሩ ወጣ፣ ቡድኑን ሮስ ብራውን ያዘው፣ የመርሴዲስ ሞተር ተገጠመለት። ከመኪናው ኋላ በታች በኩል አየሩን የሚያስወጣው ክፍል ደግሞ ሌሎቹ ባላሰቡት መንገድ ተሠራ። በ2009 ያው በተን ከመጀመሪያዎቹ 7 ውድድሮች 6ቱን አሸነፈ። ሻምፒዮንም ሆነ። ሰውየው በአንድ ክረምት አዲስ እጅና እግር አላበቀለም። የተቀየረው መኪናው ነው። ተፎካካሪዎቹ ዘዴውን እየቀዱ ሲደርሱበት ደግሞ በዚያ ዓመት ሌላ ውድድር አላሸነፈም።

ሁለተኛው ማስረጃዬ ያቺ የ2020ዋ የባህሬን ውድድር ነበረች። ሃሚልተን ኮቪድ ይዞት ቀረ። በቦታው ጆርጅ ራስልን አስገቡት። ራስል ያኔ ዊሊያምስ ነበር፣ ከሁሉ ደካማ ከሚባሉት መኪናዎች በአንዱ። በፎርሙላ ዋን አንዲት ነጥብ እንኳ አግኝቶ አያውቅም። ቁመቱ ረጅም ስለሆነ እግሩ የሃሚልተን መኪና ውስጥ አልገባ ብሎ አንድ ቁጥር ያነሰ ጫማ አጥልቆ ነበር። እንደዚያም ሆኖ በማጣሪያው ከሌላው የመርሴዲስ ሾፌር ከቦታስ በ0.026 ሰከንድ ብቻ አንሶ ሁለተኛ ወጣ። ሲነሱ ቀደመው። ከዚያ እየመራ ሄደ፣ ሄደ። የራሱ ቡድን ነው ያበላሸበት። ጎማ ሊቀይር ሲገባ የቦታስን ጎማ ገጠሙለት። ያን አስተካክለው ካወጡት በኋላ ደግሞ ጎማው ተነፈሰ። 9ኛ ሆኖ ጨረሰ።

ያን ቀን ሶፋው ላይ አብረን ተቀምጠን ነበር። «በቃ፣ ተፈረደ! ማንም ቢቀመጥበት ያሸንፋል» ብዬ ጮህኩ። አንቺ ዝም ብለሽ «አንድ ቀን ነው» አልሽ። አሁን ሳስበው ትክክሏ አንቺ ነበርሽ። ራስል «ማንም» እንዳልነበረም ጊዜ አሳየን። ኋላ መርሴዲስ ገብቶ ራሱ ውድድር አሸናፊ ሆኗል።

ያኔ መልስ አልሰጠሽኝም እንጂ መልሱ በእጅሽ ነበር። ቫልተሪ ቦታስ ከ2017 እስከ 2021 ድረስ 5 ዓመት ሙሉ ከሃሚልተን ጎን ተቀምጧል። ያው ሞተር፣ ያው ክንፍ፣ ያው ጎማ። ቦታስ 10 ውድድር አሸነፈ። ሃሚልተን 50። እማዬ፣ ይህን ቁጥር ሳየው ወረቀቱን አስቀምጬ ትንሽ ዝም አልኩ። መኪናው ብቻ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ እንዲህ አይራራቅም። ቦታስም ደካማ አልነበረም፤ በማጣሪያ ስንቴ ሲቀድመው አብረን አይተናል።

በዚህ ስፖርት ሁለት ሰው በእኩል መሣሪያ የሚጋጠመው አንድ ቡድን ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ አሁን ዓይኔን ከአሸናፊው ላይ አንስቼ ሁለተኛው መኪና የት ደረሰ ብዬ እፈልጋለሁ። ማክላረን በ1988 ከ16 ውድድር 15ቱን ወስዷል። ግን ሁለቱ ሾፌሮቹ ሴና 8፣ ፕሮስት 7 ተካፈሉት። መኪናው ከዚያ በላይ የበላይ ሊሆን ይከብዳል፤ ሆኖም ያን ዓመት አንድ ሰው ብቻውን ነገሠ የሚል የለም። ፕሮስት ባይኖር ሴና 15ቱንም ይወስድና «ምን ያደርጋል፣ መኪናው ነው» ይባል ነበር። ያንቺው ሰውም እንዲሁ ነው። ከኒኮ ሮዝበርግ ጋር በነበረባቸው ሦስት የድል ዓመታት 31 ለ 20 ነበሩ፤ በ2016 ደግሞ ሮዝበርግ በ5 ነጥብ ዋንጫውን ወሰደበት። ያን ቀን ምሳ እንኳ አልበላሽም።

አሁን ወደ አንቺ ስህተት ልምጣ። ስለ ሬድ ቡሉ ሾፌር ስለ ማክስ ቨርስታፐን ትንሽ ታገሺኝ።

«ያ ልጅ እኮ ሮኬት ላይ ነው የተቀመጠው» ትያለሽ ሁልጊዜ። በ2023 እውነት ሮኬት ነበር። ሬድ ቡል ከ22 ውድድር 21 አሸነፈ። ግን ከ21ዱ 19ኙ የማክስ ናቸው፤ የቡድን አጋሩ ሰርጂዮ ፔሬዝ 2 ብቻ። ነጥባቸው 575 ለ 285። የማክስ ነጥብ ብቻውን ቢቆጠር እንኳ የቡድኖቹን ዋንጫ ያስገኝ ነበር። ፔሬዝ ደግሞ ሬድ ቡል ከመግባቱ በፊት በመካከለኛ ቡድን ያሸነፈ ሰው ነው። ያቺ የራስል ጎማ የተነፈሰባት የባህሬን ውድድር የማን ሆነች? የሱ አይደለችም እንዴ? በመጀመሪያው ዙር ተገጭቶ መጨረሻ ላይ ወድቆ ነበር ተመልሶ ያሸነፈው።

ያ ከማክስ ጎን ያለው ወንበር የበላቸውን ልጆች ደግሞ ቁጠሪያቸው። ፒየር ጋስሊ በ2019 ዓመቱ ሳያልቅ ወደ ታናሹ ቡድን መለሱት። እዚያ ሆኖ በ2020 ሞንዛ ላይ አሸነፈ! አሌክስ አልቦን ተተካ፤ እሱንም አሰናበቱት። ዊሊያምስ ሄዶ እንደገና ሰው ሆነ። ሊያም ላውሰን በ2025 ሁለት ውድድር ብቻ ነው የታገሡት። ዩኪ ሱኖዳም ቀሪውን ዓመት ሲታገል ከረመ እንጂ አንዴም ከ1 እስከ 3 አልገባም። እነዚህ ሁሉ መንዳት ስለማይችሉ አይደለም።

ምክንያቱ እኔን በጣም የሳበኝ ነገር ነው። ማክስ ፍሬን ይዞ ወደ ኩርባ ሲገባ የመኪናው አፍንጫ በቅጽበት እንዲታዘዘው ይፈልጋል። የኋላው ቢዋልል ግድ የለውም፤ በእጁ ያርመዋል። ሌላው ሰው ግን የኋላውን ካላመነ ፍሬኑን ቀደም ብሎ ይይዛል፣ ነዳጁንም ዘግይቶ ይረግጣል። በእያንዳንዱ ኩርባ ጥቂት ጥቂት ይከስራል። አልቦን ሲያስረዳ፣ የኮምፒውተር ማውዝ ፍጥነቱን እስከ መጨረሻ ከፍ አድርገሽ እንደመጠቀም ነው ብሎ ነበር። ትንሽ ስትነኪው ቀስቱ ከስክሪኑ ዳር እስከ ዳር ይበርራል። መኪናው ደግሞ በየጊዜው ሲሻሻል የሚሄደው ፈጣኑ ሰው ወደሚወደው በኩል ነው፤ ቡድኑ ነጥብ የሚያገኘው ከሱ ነዋ።

እዚህ ላይ የኔም መለኪያ ትንሽ ተንገዳገደ። የቡድን አጋሩን እይ ብዬሽ ነበር። መኪናው ለአንዱ የሚመች ለሌላው የማይመች ከሆነ ግን በማክስና በጎረቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ከእውነተኛው ችሎታቸው በላይ ተለጥጦ ነው የሚታየው። ይህን አምኛለሁ። ግን ሌላ ሰው መያዝ ያቃተውን መኪና በዚያ ፍጥነት መያዝ ራሱ ምንድን ነው? እኔ ችሎታ እለዋለሁ። ያን መኪና በ2023 ለበተን ወይ ለቦታስ ብትሰጪው ያሸንፍበት ነበር ብዬ አምናለሁ። 19 ጊዜ ግን አያሸንፍበትም።

ሮኬቱ ሮኬት መሆኑን ሲያቆምም አየነው። በ2024 መጨረሻ ሬድ ቡል ከፍጥነት ወደ ኋላ ቀርቶ ሳለ፣ ማክስ ሳኦ ፓውሎ ላይ በዝናብ ከ17ኛ ተነስቶ አሸነፈ። በዝናብ ጊዜ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን መሬት ላይ ማሳረፍ አይችልም፤ ፍሬን የት እንደሚያዝና የትኛው የመንገዱ ጥግ እንደሚይዝ የሚያገኘው ሰውየው ነው። በ2025 ደግሞ የማክላረን መኪና የተሻለ እያለ የማክላረኑ ላንዶ ኖሪስ ማክስን የቀደመው በ2 ነጥብ ብቻ ነው፤ 423 ለ 421። ከማክስ ጎን የነበረው ልጅ የት እንዳለ አስታውሽ።

እንግዲህ ለማክስ የቆረጥኩትን ሚዛን ለሃሚልተንም መጠቀም አለብኝ፤ ይህ እንደሚያምሽ አውቃለሁ። 2025ን ሙሉ በፌራሪ፣ በእሁዱ ዋና ውድድር አንዴም ከ1 እስከ 3 አልገባም። የቡድን አጋሩ ሻርል ሌክሌር ግን በዚያው መኪና ደጋግሞ ገብቷል። ይህን «መኪናው ነው» ብዬ ላልፍልሽ አልችልም። 40 ዓመቱ ነበር። አዲስ ቡድን፣ አዲስ ፍሬን፣ አዲስ ኢንጂነር፤ እጁ መርሴዲስ ውስጥ 12 ዓመት የለመደው ነገር ሁሉ ተቀየረበት። ምናልባት ያ ነው፣ ምናልባት ዕድሜ ነው። የትኛውም ቢሆን ግን ያለፈውን 50 ለ 10 ወደ ኋላ ሄዶ አይሰርዘውም። እኔ እሁድ ዕለት ያደረግኩት ግን ልክ ያንን ነበር። የ2025ቱን ይዤ የድሮውን ልሰርዝብሽ ሞከርኩ። ይቅር በይኝ።

ሐምሌ 2024 ሲልቨርስቶንን ታስታውሺያለሽ። ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ድል አጥቶ ቆይቶ ነበር። በዝናቡ መካከል ጎማ የመቀየሪያዋን ሰዓት አገኛት፣ እስከ መጨረሻው ያንን ጎማ ጠብቆ ጨረሰ። ደውዬልሽ ማውራት አቅቶሽ ነበር፤ ስታለቅሺ ሰማሁሽ። ያን ቀን እኔም ከፈጣኖቹ አንዱ በሆነው መኪና ነው ብዬ ለመከራከር ቁጥር አልፈለግኩም።

በቴሌቪዥኑ ግራ በኩል የሚወርዱት ትንንሽ ቁጥሮች አሁን እንደማይታዩሽ ነግረሽኛል። ቅዳሜ ማጣሪያው ከመጀመሩ 10 ደቂቃ በፊት እደውላለሁ። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጊና አጠገብሽ አስቀምጪው። የሃሚልተንን ሰዓት አነብልሻለሁ። የሌክሌርንም አነብልሻለሁ፣ አትቆጪኝ።

የሚወድሽ ልጅሽ