ሩሙን ለስላሳ ከማለታችሁ በፊት ስኳሩን ንገሩን

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ሩም በመጠጥ ዓምዳችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። የምሠራው ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ ባር ውስጥ ነው፤ እናንተን አንብቦ የሚመጣ እንግዳ የሚጠይቀው እኔን ነው። ጸሐፊያችሁ ሩሙን ስለ ልስላሴው አመስግነውታል። ልስላሴው የመጣው በርሜል ውስጥ ብዙ ዓመት ስለቆየ ነው ብለዋል። ስለ ስኳር ግን አንድም ቃል የለም።

ሩም ከሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ወይም ስኳር ሲመረት ከሚተርፈው ጥቁር ዝልግልግ ፈሳሽ፣ ከሞላሰስ፣ ስለሚሠራ ብዙ ሰው ጣፋጭነቱ የተፈጥሮው ይመስለዋል። አይደለም። ስኳሩን እርሾ ወደ አልኮል ይለውጠዋል። የተረፈው ደግሞ ሲነጠር ከአተላው ጋር ይቀራል እንጂ በእንፋሎት አይወጣም፤ አረቄ የምታወጣ ሴት ሁሉ ይህን ታውቃለች። በርሜሉ የእንጨትና የቫኒላ ጠረን ይሰጠዋል፣ ቀለምም ይሰጠዋል። ሽሮፕ አያደርገውም። አፍ ውስጥ የሚወፍር፣ ከንፈር ላይ የሚጣበቅ ሩም ከተነጠረ በኋላ ስኳር ተጨምሮበታል ማለት ነው።

ለጥምቀት ከውጭ የመጣ አንድ እንግዳ ጸሐፊያችሁ ያመሰገኑትን ያንኑ ሩም ከዲውቲ ፍሪ ይዞ መጣ። ባራችን ውስጥ ተንሳፋፊ የአልኮል መለኪያ አለ፤ ከታች ሆዱ የሰፋ፣ ቁጥር የተጻፈበት የመስታወት ዘንግ ነው። ሩሙን በጠባብ ብርጭቆ ቀዳንና ዘንጉን ለቀቅንበት። ስኳር ፈሳሹን ስለሚያከብደው ዘንጉ ወደ ላይ ይገፋል፤ የሚያሳየው አልኮልም ከእውነተኛው ያንሳል። ጠርሙሱ ላይ 40 በመቶ ይላል። መለኪያው 34 አካባቢ ቆመ። አንድ ነጥብ ልዩነት በሊትር ወደ 4 ግራም ስኳር ነው፤ እንግዲህ ወደ 24 ግራም መሆኑ ነው። መለኪያው የተሠራው ለ20 ዲግሪ ሙቀት ስለሆነ መጀመሪያ ቴርሞሜትር ከተን አይተናል። መለኪያ የሌለው ሰው ትንሽ ሩም ሳህን ላይ አፍስሶ ያሳድር። ጠዋት ጣቱ ላይ ከተጣበቀ ነገሩ ገብቶታል።

እንግዳው በጣም ከፋው። 24 ግራም በሊትር ማለት በአንድ ሾት 1 ግራም ቢሆን ነው፤ ሻይ ላይ የምንጨምረው ይበልጣል። ስለዚህ የጤና ጉዳይ ነው ብዬ አላጋንንም። ሰውየውን ያናደደው በርሜል ውስጥ ለቆየባቸው ዓመታት ብሎ የከፈለው ገንዘብ ነው።

እዚህ ጠጅ ቤት ገብቶ «የማር ነው የስኳር?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። የስኳር ጠጅም ጠጪ አለው። በማር ጠጅ ዋጋ ሲሸጡለት ግን ጎንደሬ ዝም አይልም። ለሩም ሲሆን ይህን ጥያቄ ማን ይጠይቅልን? ጸሐፊው ናቸዋ!

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ጃማይካ ሩሟ ላይ ስኳር እንዳይጨመር ትከለክላለች። የአውሮፓ ኅብረት ከ2021 ወዲህ በሊትር ከ20 ግራም በላይ ያለበት መጠጥ ሩም ተብሎ እንዳይሸጥ ወስኗል፤ ከዚያ በፊት ገደብም አልነበረውም። የስኳሩን መጠን ጠርሙሱ ላይ ጻፉ ብሎ ግን አያስገድድም። የመንግሥት መጠጥ ሻጮቹ፣ የስዊድኑ ሲስተምቦላጌትና የፊንላንዱ አልኮ፣ የስኳሩን መጠን ድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ። ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ሊያየው ይችላል።

እኔ የምመዝነው ጣዕሙን ብቻ ነው የሚል ጸሐፊ ይኖራል። ይሁን። ጣፋጭ ሩም የሚወድም ደስ ብሎት ይጠጣ፣ እኔም እቀዳለታለሁ። ነገር ግን ጸሐፊው ጣዕሙ የመጣው ከዚህ ነው ብሎ ምክንያት ከሰጠ፣ ምክንያቱ እውነት መሆን አለበት። ስኳሩ የሠራውን ለበርሜሉ መስጠት አንባቢን ማሳሳት ነው። ጠርሙሱ ለጸሐፊው በስጦታ የመጣ ከሆነ ደግሞ ይባስ፤ ያ ሲሆን ሰጪው ማን እንደሆነ አንባቢ ይወቅ።

የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። በእያንዳንዱ ግምገማ ሥር ጠርሙሱን ማን እንደገዛው፣ ስኳሩ ተለክቶ እንደሆነና ስንት እንደተገኘ ጻፉልን። ካልተለካ አልተለካም በሉ። ይህንን ሩምም ለክታችሁ እንደገና ብታወጡት፣ ለሚጠይቀኝ እንግዳ ሁሉ ጋዜጣችሁን አውጥቼ አሳየዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የባር አስተናጋጅ፣ ከጎንደር